ሁለት እጅ ስንት ሕፃን ይዞ ይወጣል? በመኖሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ለመክፈት የሚያስፈልጉ ብቃቶችና ግዴታዎች

ኮምቦልቻ ውስጥ ጎረቤቴ የሆነች አንዲት እናት በኢንዱስትሪ ፓርኩ በልብስ ስፌት ሥራ ትተዳደራለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የአራት ወር ልጇን በአንቀልባ አዝላ ትወጣና፣ ሰርቪሱ ሳያመልጣት ሁለት ቤት ተሻግራ የአንዲት እትዬን በር ታንኳኳለች። ልጁ ከጀርባዋ ወርዶ በእትዬ ክንድ ላይ ሲያርፍ፣ የታለበ የጡት ወተት ያለበት ጡጦና አንድ ፌስታል ልብስ አብሮ ይሰጣል። «ሌሊት ሲያስለው ነበር እትዬ፣ እንዲያዩልኝ» ትላለች፤ «ሂጂ ልጄ፣ አላህ ይጠብቀዋል» ይሏታል። ምንጣፉ ላይ ሌሎች ሦስት ልጆች አሉ፦ አንዱ የዘጠኝ ወር፣ አንዷ የዓመት ከመንፈቅ፣ አንዱ ደግሞ ሦስት ዓመት የሞላው። ክፍያው በወር ነው፣ ውሉ በቃል ነው፣ መዝገብ የለም፣ ፈቃድም የለም።

እትዬን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም፤ እንደ እርሳቸው ያሉ ሴቶች ባይኖሩ በዚህ ሰፈር ስንት እናት ሥራዋን በተወች ነበር። ይሁን እንጂ በቅርቡ እርሳቸው ራሳቸው «ይህን ነገር በሕግ ልሥራው ብል ምን ይጠይቁኛል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አጥጋቢ መልስ ለመስጠት ሕጎቹንና በሌሎች አገሮች ያለውን አሠራር ቁጭ ብዬ ማየት ነበረብኝ። ያገኘሁትን እንደ እትዬ ላሉ ሴቶችም፣ ልጃቸውን በአደራ ለሚሰጡ ወላጆችም በሚጠቅም መልኩ ላብራራ።

በቅድሚያ ፍላጎቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲያገኝ ይመክራል። በሁለቱ መካከል ሦስት ወር የሚያህል ክፍተት አለ፤ ያንን ክፍተት የሚሞላው ደግሞ አያት ካለች አያት፣ ከሌለች ጎረቤት ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዝዝ ነበር፤ ነገር ግን ደሴ ፒያሳ ሱቅ ተቀጥራ የምትውል፣ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ወይም ከገጠር መጥታ በፋብሪካ የተቀጠረች ወጣት በዚህ ድንጋጌ አትሸፈንም። በ2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ሥራ ሲጀምር ወደ ከተማዋ የመጡት ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም እናታቸውን ወይም እህታቸውን በአቅራቢያቸው ይዘው አልመጡም።

ቀጥሎ የስም ልዩነቱን ማጥራት ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሦስት ነገሮችን ያደባልቃል። ሞግዚት በወላጆቹ ቤት ተገኝታ የዚያን ቤት ልጆች ብቻ የምትጠብቅ ተቀጣሪ ናት። መዋዕለ ሕፃናት አራት ዓመት ገደማ የሞላቸውን ልጆች ለአንደኛ ክፍል የሚያዘጋጅ የትምህርት ተቋም ሲሆን፣ የሚመለከተውም የትምህርት መሥሪያ ቤቱን ነው። የሕፃናት ማቆያ ግን ከዚያ ዕድሜ በታች ያሉ ልጆችን ወላጆች ሥራ ላይ በሚውሉበት ሰዓት ተቀብሎ የሚንከባከብ አገልግሎት ነው። የመኖሪያ ቤት ማቆያ ይህንኑ ሥራ ተንከባካቢዋ በምትኖርበት ቤት፣ በጥቂት ልጆች ላይ የምታከናውንበት ዓይነት ነው። «ታዲያ የእህቴን ልጅ ለመጠበቅም ፈቃድ ላውጣ?» የሚል ሰው ይኖራል። ፈቃድ በሚጠየቅባቸው አገሮችም ቢሆን ወሰን አለው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከራስ ልጆች ሌላ የአንድ ቤተሰብን ልጆች ብቻ የሚጠብቅ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም። ግዴታው የሚጀምረው ከአንድ በላይ የሆኑ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በአንድ ሰው እጅ ላይ ሲያኖሩ ነው።

በአገራችን ሕግ ፈቃዱ ሁለት ደረጃ አለው፤ እትዬም በመጀመሪያ የተቸገሩት ይህንን ለመረዳት ነበር። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008፣ በአዋጅ ቁጥር 1150/2011 እንደተሻሻለው፣ የብቃት ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ሥራ ሲሆን የንግድ ፈቃዱ የሚሰጠው ሥራውን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ብቃቱን ካረጋገጠ በኋላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው በር የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን፣ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ያለው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ሲኬድ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ነገር «መስፈርቱን በጽሑፍ ስጡኝ» የሚል መሆን አለበት፤ በቃል የተነገረ መስፈርት በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ባለሙያ ሲመጣ ሊለወጥ ይችላል፣ በጽሑፍ የተሰጠውን ግን ቤት ወስዶ ከግድግዳና ከወለሉ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ቤቱ ታይቶ የብቃት ማረጋገጫው ከተገኘ በኋላ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ ይከተላሉ፤ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ ቤቱ ለሕፃናት ማቆያ እንደሚውል አውቆ በኪራይ ውሉ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ብዙ ወጪ ከተደረገ በኋላ «እኔ ለመኖሪያ ነው ያከራየሁት» የሚል ክርክር ይነሳል።

ወረቀቱ ይህን ይመስላል። ዋናው ጉዳይ ግን ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ነው። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 3 ላይ ለሕፃናት እንክብካቤ የሚሰጡ ተቋማት በተለይ በደኅንነት፣ በጤና፣ በሠራተኞች ብዛትና ተስማሚነት፣ እንዲሁም በብቁ ቁጥጥር ረገድ ደረጃ ማሟላት እንዳለባቸው ይደነግጋል። በየትኛውም አገር ያሉ ዝርዝር መስፈርቶች ቢታዩ እነዚህኑ አራት ነገሮች የሚተነትኑ ናቸው። እያንዳንዱ መስፈርት አንድ የታወቀ አደጋን አስቦ የተጻፈ ነው፤ አደጋውን ያወቀ ሰው መስፈርቱን መሸምደድ አያስፈልገውም።

ስለ ተንከባካቢዋ እንጀምር። በካሊፎርኒያ አመልካች 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ በቤቱ ውስጥ የሚኖር ማንኛውም አዋቂም አሻራ ሰጥቶ የወንጀል መዝገቡ ይጣራል። ይህ ብዙዎቻችን የማናስበው ነገር ነው። ማቆያው መኖሪያ ቤት በመሆኑ የሚመረመረው ተንከባካቢዋ ብቻ አይደለችም፤ ባል፣ ያደገ ወንድ ልጅ፣ በአንድ ክፍል የተከራየ ደባል፣ ሁሉም ከልጆቹ ጋር አንድ በር ይጋራሉና። በእኛም አገር ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ አሻራ ሰጥቶ ከፖሊስ ማግኘት ይቻላል፤ እትዬም ለራሳቸውና አብሯቸው ለሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ማስረጃውን ማውጣት እንዳለባቸው ስነግራቸው መጀመሪያ ቅር አላቸው። «ልጁን ጠርጥረሽ ነው?» አሉኝ። ማስረጃው ለጥርጣሬ ሳይሆን ለወላጅ ማሳያ እንደሆነ ሳስረዳቸው ግን ተቀበሉት።

የጤና ምርመራም የዚሁ አካል ነው። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ተንከባካቢዋን ለመጉዳት ተብሎ የተጨመረ አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በሽታው ከተላለፈበት ወደ አንጎል ሽፋን ሊዘልቅ የሚችልበት ዕድል ከአዋቂ ይልቅ ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። ሥልጠናን በተመለከተ ካሊፎርኒያ 16 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ግማሹ የሕፃናት የመጀመሪያ ዕርዳታና የልብና የትንፋሽ ማስመለስ ሲሆን እርሱም በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ሥልጠናውን ቁም ነገር የሚያደርገው እንዲህ ያለው ጊዜ ነው፦ ሕፃን ሲበላ ትን ብሎት ድምፅ ካጣና ፊቱ ከጠቆረ፣ በእኛ አካባቢ አብዛኛው ሰው ጣቱን ወደ ጉሮሮ ይሰዳል ወይም ውኃ ያጠጣል። ሁለቱም ነገሩን ያባብሳሉ። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ትክክለኛው ነገር በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ከሰውነቱ ዝቅ አድርጎ፣ በመዳፍ ሥር በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል አምስት ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ ገልብጦ ደረቱን አምስት ጊዜ መጫን፣ ይህንንም እያፈራረቁ ዕርዳታ መጥራት ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በአሻንጉሊት ላይ የሞከረ ሰው በሁለተኛው ጊዜ በእውነተኛ ልጅ ላይ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ከሁሉም መስፈርቶች ውስጥ ብዙ ቅሬታ የሚያስነሳው፣ በእኔ አመለካከት ግን ከሁሉም የሚበልጠው የቁጥር ገደቡ ነው። በእንግሊዝ ኦፍስቴድ በሚባለው ተቆጣጣሪ የተመዘገበች የቤት ውስጥ ተንከባካቢ ከስምንት ዓመት በታች የሆኑ እስከ 6 ልጆች መያዝ ትችላለች፤ ከእነዚህ መካከል ግን ከአምስት ዓመት በታች የሆኑት ከ3፣ ከአንድ ዓመት በታች የሆኑት ደግሞ በመደበኛው ከ1 መብለጥ የለባቸውም። በካሊፎርኒያ ለአነስተኛ ማቆያ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ 4 ሕፃናት ብቻ፣ ወይም በጠቅላላው 6 ሆነው ከሁለት ዓመት በታች ያሉት ከ3 ያልበለጡ፣ ወይም ትልልቅ ልጆች ተጨምረው እስከ 8 ይፈቀዳል፤ እስከ 12 እና 14 የሚደርሰው ትልቁ ዓይነት ረዳት ይጠይቃል። በዚያው ቤት የሚኖሩ ከአሥር ዓመት በታች የሆኑ የተንከባካቢዋ ልጆችም ይቆጠራሉ። የእትዬን ቤት በእነዚህ ሁለት ሕጎች መዘንኩት፦ ከሁለት ዓመት በታች ሦስት፣ ከዚያ በላይ አንድ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትጨመረው የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው። በካሊፎርኒያው ያልፋሉ፤ በእንግሊዙ ግን አያልፉም፣ ምክንያቱም ከአምስት ዓመት በታች አራት ልጆች፣ ከአንድ ዓመት በታች ደግሞ ሁለት ሕፃናት አሏቸው።

ቁጥሮቹ ከአገር አገር ቢለያዩም መነሻቸው አንድ ነው። ያልቆመ ሕፃን በራሱ ከአደጋ አይሸሽም፤ ሰው ተሸክሞ ያወጣዋል፤ ሰው ደግሞ ሁለት እጅ ብቻ አለው። በሰላሙም ቀን ቢሆን ሒሳቡ ያው ነው። የአራት ወር ሕፃን ጡጦ ሲጠባ ታቅፎ ነው፤ በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ የሚድኸው የዘጠኝ ወሩ ልጅ የት እንደደረሰ የሚያይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። «እኔ ሰባት ልጅ ወልጄ አሳድጌያለሁ» የሚለው መከራከሪያ እውነት ነው፤ ሰባቱ ግን በአንድ ጊዜ ከሁለት ዓመት በታች አልነበሩም።

ወደ ቤቱ ስንመጣ፣ የውጭ አገሮቹ ዝርዝሮች የእሳት ማጥፊያ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃሉ። የወሎ ቤት ግን የራሱ አደጋዎች አሉትና በእነርሱ ላይ መቆየት ይገባል።

አንደኛው ከሰል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቤት ማሞቅ የግድ ይመስላል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ጭሱን ስለሆነ ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ሲጠፋ ወደ ቤት ይገባል። ነገር ግን ፍሙ ቀልቶ ጭስ ካቆመ በኋላም ሽታና ቀለም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚይዝበት ኃይል ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ይጣበቃል። ሕፃን በደቂቃ ከአዋቂ ይልቅ ብዙ ጊዜ ስለሚተነፍስ ቀድሞ የሚመረዘው እርሱ ነው፤ ራሴን አመመኝ ብሎ መናገርም አይችልም። ስለዚህ ልጆች በሚውሉበት ክፍል ከሰል ጨርሶ አይገባም፤ ሙቀቱ በልብስ ድርብርብ ይተካል። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የምናገኛት ከደሴ ሞቅ ያለች ከተማ ስለሆነች በዚህ በኩል ትሻላለች።

ሁለተኛው ቡና ነው። ረከቦቱ፣ ጀበናውና ምድጃው የሚቀመጡት ወለሉ ላይ፣ በትክክል ሕፃን በሚድኽበት ከፍታ ነው። የፈላ ጀበና አንድ ጊዜ ቢገለበጥ የሕፃን ደረትና ክንድ ይልጣል። ቡናን ከቤታችን ማስወጣት አይታሰብም፤ ማቆያ የሆነ ቤት ግን ቡናውን ወይ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ያፈላል፣ ወይ በሩ በሚዘጋ ሌላ ክፍል ያፈላል። በዚያው ቡና ላይ የሚቀርበው ቆሎና ለውዝም ለትንንሽ ልጆች ጉሮሮ አደገኛ ነው።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሁሉ ባልዲ፣ በርሜልና ሳፋ ሞልቶ ያስቀምጣል። ገና መቆም የጀመረ ልጅ የሰውነቱ ክብደት ወደ ጭንቅላቱ ያደላል፤ ባልዲ ውስጥ በግንባሩ ከወደቀ ራሱን ማውጣት አይችልም፣ ለመስጠም ደግሞ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ይበቃዋል፤ ይህም የሚሆነው ያለ ድምፅ ነው። የሚቆለፍ ክዳን ወይም የተዘጋ ክፍል ያስፈልጋል። በሃይላንድ ፕላስቲክ የተቀመጠ በረኪናም እንዲሁ፤ ልጅ ሃይላንዱን የሚያውቀው የሚጠጣበት ዕቃ መሆኑን ነው።

የሕፃናቱን ጤና በተመለከተ ሁለት ነገሮች ብቻ ላንሳ። የመጀመሪያው የክትባት ካርድ ነው። በአገራችን መርሐ ግብር የሕፃናት ክትባት በውልደት፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ከተሰጠ በኋላ ኩፍኝ በ9 ወርና በ15 ወር ይከተላል። እናት ከወለደችበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠረው 90 ቀን ሲያልቅ የ14ኛው ሳምንት ክትባት ስምንት ቀን ይቀረዋል። ያ ክትባት የሚዘለለው ሥራ በተጀመረበት የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ስለሚውል ነው፤ ካርዱን አይታ ቀኑን የምታስታውስ ተንከባካቢ ለልጁ ትልቅ ውለታ ትውላለች። ሁለተኛው የጡት ወተት ነው። የታለበ ወተት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ጡጦው ላይ የልጁ ስምና የታለበበት ሰዓት ይጻፋል፤ ሲሞቅ በሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ እንጂ እሳት ላይ ተጥዶ አይደለም። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የታለበ ወተት ማቀዝቀዣ ከሌለ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አይሰጥም ማለት ነው።

ስለ እንቅልፍም አንድ ቃል፦ ሕፃን እስከ አንድ ዓመቱ በጀርባው፣ ለብቻው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ጋቢ ይተኛል። ሦስት ሕፃናትን በአንድ ጋቢ ማስተኛት ፍቅር ያለበት ልማድ ነው፤ ፊት ላይ የተሸፈነ ጋቢ ግን ትንፋሽ ያግዳል።

ቅጣትን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችም ሆነ በእንክብካቤ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ ሕፃንን በኃላፊነት የያዘ ሰው ቢበድለው፣ ቸል ቢለው ወይም ቢደበድበው ይቀጣል። «እንደ ልጅሽ ገርፈሽ አሳድጊልኝ» የሚል ወላጅ ቢኖር እንኳ ፈቃዱ ተንከባካቢዋን ከሕግ አያድናትም።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት፣ ክፍያው፣ ልጁን መውሰድ የሚችሉ ሰዎች ስም፣ ልጁ ሲታመም የሚደወልበት ስልክ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ የወላጅ ፈቃድ። ልጁ ሲመጣ ያለበት ጭረት ወይም እብጠት በዕለታዊ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ይህ ወላጅንም ተንከባካቢንም ከክስ ይጠብቃል። የገንዘቡን ነገር ስናሰላ የቁጥር ገደቡ ገቢውንም ይገድበዋል፤ ረዳት ሲቀጠር ደግሞ ደመወዟ በጥቂት ልጆች ክፍያ ላይ ይከፋፈላልና ሥራው ሀብት አያስገኝም፣ የተረጋጋ መተዳደሪያ ግን ይሆናል።

ካሊፎርኒያ በየስድስት ወሩ የአደጋ ጊዜ መውጫ ልምምድ ታዝዛለች። ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ቤት ይህንኑ ሞከርን፤ ከምንጣፉ እስከ ግቢው በር። የአራት ወሩንና የዘጠኝ ወሩን ሁለቱን አቅፈው ወጡ፤ የሦስት ዓመቱ ልጅ ቀሚሳቸውን ይዞ ተከተለ። የዓመት ከመንፈቋ ልጅ ግን ምንጣፉ ላይ ቆማ አለቀሰች። ሁለቱን ለእኔ ሰጥተው ሲመለሱ በሩ አጠገብ የተቀመጠው የውኃ በርሜል ክርናቸውን መታው። እኔ እዚያ ባልኖርስ ሕፃናቱን ለማን ይሰጡ እንደነበር ጠየቅኋቸው፤ መልስ አልሰጡኝም። በርሜሉ በዚያው ዕለት ወደ ጓሮ ተዛወረ፤ ረዳት ይቅጠሩ ወይስ አንድ ልጅ ይቀንሱ በሚለው ላይ ግን እስከ ዛሬ እየተነጋገርን ነው።